ሁለቱ የወላጅ ወንበሮች

ከዚያ ምሽት ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የልጄ ትምህርት ቤት ይዘጋ ወይስ ይቀጥል በሚለው ላይ ሰው ለማናገር በተጠራ ስብሰባ ተናግሬ ስጨርስ፣ ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጡ አንዲት ሴት ጥያቄ ጠየቁኝ። የቁጣ ጥያቄ አልነበረም። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። እኔ ግን መልስ አልነበረኝም። አንገቴን ደፍቼ «አላውቅም» አልኩና ወደ ወንበሬ ተመለስኩ።

ያ «አላውቅም» እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ዕቃ ሳጥብ ትዝ ይለኛል። ሌሊት ከሥራ ስመለስ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ መብራት ይዞኝ ስቆም ትዝ ይለኛል። ልጆቻቸውን ቻርተር በሚባል የሕዝብ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ እህት ወንድሞቼ ብዙ እንደሆኑ አውቃለሁ። እኔን የገጠመኝ ነገር እነሱንም ሳይገጥማቸው በፊት ያነቡት ዘንድ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

## ሎተሪ ደረሰን

ዋሽንግተን ዲሲ የምትኖሩ ወላጆች የትምህርት ቤት ዕጣውን አካሄድ ታውቁታላችሁ። ዲሴምበር ላይ ማመልከቻው ይከፈታል። እስከ 12 ትምህርት ቤት በቅደም ተከተል ይመረጣል። ማርች መጨረሻ ላይ ዕጣው ይወጣል። ማመልከቻው በአማርኛም ስላለ ማንንም አላስቸገርኩም። ልጄ ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር።

ዕጣው የወጣ ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ። የማስታምማቸው አዛውንት እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ኩሽና ውስጥ ቆሜ ስልኬን ከፈትኩ። ሦስተኛ ላይ የመረጥነው ትምህርት ቤት ደርሶናል። አፌን በእጄ ይዤ እልልታዬን ዋጥኩት። ለባለቤቴ ደውዬ «ደረሰን! ደረሰን!» አልኩት። አዲስ አበባ ለእናቴም ደወልኩ። «እሰይ ልጄ፣ ፈጣሪ ሰጠሽ» አለችኝ።

ሳስበው ችግሬ የጀመረው ከዚህችው ቃል ነው። ሎተሪ የደረሰው ሰው አመስግኖ ይቀበላል። ብሩ ከየት መጣ፣ ማን ቆጠረው ብሎ አይጠይቅም። እኔም አመሰገንኩ። ከአራት ዓመት በላይ ሳመሰግን ኖርኩ።

የማመሰግንበት ምክንያትም ነበረኝ። ልጄ ትምህርት የጀመረች ቀን ከአማርኛ በቀር ምንም አታውቅም። በሩ ላይ ቀሚሴን ጨምድዳ ይዛ አልለቅም አለች። መምህሯ መሬት ላይ ተንበርክካ፣ ዓይን ለዓይን እያየቻት፣ «ነይ» አለቻት። በአማርኛ ነው ያለቻት። ቃሉን በእንግሊዝኛ ፊደል መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ጽፋው ነበር። ቀለሙ በላብ ተጨማልቆ አየሁት። እንዲህ ያለ ሰው ለቀጠረ ትምህርት ቤት ምን ጥያቄ ይኖረኛል?

ቻርተር ማለት ምን ማለት እንደሆነም በቅጡ አላውቅም ነበር። ብዙዎቻችን የግል ትምህርት ቤት ይመስለናል። አይደለም። ክፍያ የለውም። ተማሪ ፈትኖ አይመርጥም። አመልካች ከቦታው ከበለጠ ዕጣ ያወጣል። ገንዘቡ የሕዝብ ነው። የሚያስተዳድረው ግን ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው እንጂ የከተማው ትምህርት ቤቶች አስተዳደር አይደለም። ዲሲ ውስጥ ከሕዝብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ግማሽ ለመሆን ጥቂት የቀራቸው የሚማሩት በእንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ነው። ቨርጂኒያ ተሻግራችሁ ብትጠይቁ ደግሞ በጣት የሚቆጠር ነው። ለዚህም ነው አሌክሳንድሪያ ያለችው የአክስቴ ልጅ ነገሩን ስነግራት ግራ የሚገባት።

እኔ ራሴ እንግሊዝኛ የተማርኩት ካርሎስ ሮዛሪዮ በሚባል ትምህርት ቤት ነው። ማታ ማታ ከአበሻው፣ ከሳልቫዶሩ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጬ። ያ ትምህርት ቤት በፈረንጆቹ ከ1998 ጀምሮ ቻርተር ነው፤ በአሜሪካ ለአዋቂዎች የተከፈተ የመጀመሪያው። ውለታው አለብኝ። ግን ያን ሁሉ ጊዜ ስመላለስ ማን እንደሚያስተዳድረው፣ ማን እንደሚቆጣጠረው አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

## ሁለት ደቂቃ

ደብዳቤው የመጣው በልጄ ቦርሳ ነው። ከሥዕሏና ከምሳ ዕቃዋ መካከል ተጣጥፎ። የፊልድ ትሪፕ ፈቃድ መስሎኝ እስክሪብቶ አንስቼ ነበር። መሃል ላይ «ሪቮኬሽን» የሚል ቃል አየሁ። መዝገበ ቃላት ከፈትኩ። መሻር፣ መሰረዝ ይላል።

ቻርተር ውል ነው። ዲሲ ውስጥ ያንን ውል የሚሰጠውም የሚሽረውም የሕዝብ ቻርተር ትምህርት ቤቶች ቦርድ ነው። ሰባት አባላት አሉት። ከንቲባ ይሾማቸዋል፣ የከተማው ምክር ቤት ያጸድቃል። በበጎ ፈቃድ እንጂ በደሞዝ አያገለግሉም። ውሉ ለ15 ዓመት ነው። በመሃል ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ ይገመገማል። ትምህርት ቤቱ ቃል የገባውን አስተማረ ወይ? ሕግ አከበረ ወይ? ገንዘቡን በአግባቡ ያዘ ወይ? ልንሽር ነው የሚል ማስታወቂያ የደረሰው ትምህርት ቤት በ15 ቀን ውስጥ «ስሙኝ» ብሎ መጠየቅ ይችላል። የእኛም ጠየቀ።

ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ሁለት ደቂቃ ነው ተብለናል። ንግግሬን ሦስት ቀን ስጽፍ ስሰርዝ ነበር። ባለቤቴ በስልኩ ሰዓት እየያዘልኝ በመጨረሻ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ አደረስኩት። የመምህሯን መዳፍ ጻፍኩ። ልጄ አሁን ለአያቷ በስልክ እንግሊዝኛ እንደምታስተምር ጻፍኩ። ሳነበው ራሴንም አስለቀሰኝ።

ተራዬ ሳይደርስ አንድ የቦርድ አባል ርዕሰ መምህራችንን ጠየቁ። «ከዛሬ ጀምሮ ምንም ገቢ ባይገባ፣ በእጃችሁ ያለው ገንዘብ ስንት ቀን ያቆያችኋል?»

ርዕሰ መምህራችንን ላስተዋውቃችሁ። በየማለዳው በር ላይ ቆማ፣ ዝናብ ይሁን በረዶ፣ እያንዳንዱን ልጅ በስሙ ጠርታ የምታስገባ ሴት ናት። የሁለት መቶ ምናምን ልጆች ስም በቃሏ ነው። ያን ቀን ግን ጥያቄውን ሰምታ ዝም አለች። አጠገቧ ወደተቀመጠው የሒሳብ ሰው ዞረች። እሱ ወረቀት ማገላበጥ ጀመረ። ዝምታው ረዘመ። የክፍሉ ማሞቂያ ሲያንጎራጉር ይሰማ ነበር። በመጨረሻ አጎንብሶ ወደ ማይክሮፎኑ፣ «ሁለት ሳምንት አይሞላም» አለ።

ሁለት ሳምንት! እኔ እንኳን በሰዓት እየተከፈለኝ የወር ኪራይ አስቀምጣለሁ።

ስሜ ተጠራ። ወረቀቴን ዘረጋሁ። የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው። አንዱም ግን ለተጠየቀው ጥያቄ መልስ አይሆንም። እነሱ ስለ ገንዘብ እየጠየቁ እኔ ስለ ፍቅር ልመሰክር መጥቻለሁ። አነበብኩት። እጄ ሲንቀጠቀጥ ወረቀቱ ድምፅ አወጣ። ስጨርስ ሴትየዋ አመሰገኑኝና ጠየቁኝ። «በትምህርት ቤታችሁ ቦርድ ላይ የተቀመጡት የወላጅ ተወካዮች የገንዘቡን ነገር ነግረዋችሁ ነበር?»

ትምህርት ቤታችን የራሱ ቦርድ እንዳለው አላውቅም ነበር። በዚያ ቦርድ ላይ የወላጅ ወንበር እንዳለም አላውቅም ነበር። መልሴን ነግሬያችኋለሁ።

በሰኔ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ።

## ሕጉን ሳነበው

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። ሌሊት፣ አዛውንቱ ከተኙ በኋላ፣ በስልኬ። ሕጉ የ1995 የዲሲ ትምህርት ቤቶች ማሻሻያ ሕግ ይባላል። ያወጣው ኮንግረስ ነው። የቻርተር ነገር መጀመሪያ የተሞከረው ብዙ ወገኖቻችን ባሉባት ሚኒሶታ ነው፤ የእነሱ ሕግ በ1991 ወጣ፣ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት በ1992 ሴንት ፖል ውስጥ ተከፈተ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ለትምህርት ቤቱ ነፃነት ስጠው፤ መምህር ራሱ ይቅጠር፣ ሥርዓተ ትምህርቱን ራሱ ይምረጥ፣ በጀቱን ራሱ ያውጣ። በምትኩ ውጤት ጠይቀው። ካላመጣ ዝጋው።

ሕጉን ሳነብ ሁለት ቦታ ላይ ቆምኩ። አንደኛው ስለ መዝጋት የሚለው ነው። ትምህርት ቤቱ ሕግ ቢጥስ፣ ወይም ልጆቹን አስተምራለሁ ያለውን ባያስተምር፣ ቦርዱ ውሉን መሻር «ይችላል»። ገንዘብ በማባከን ከተገኘ፣ የሒሳብ አያያዙ ከተበላሸ፣ ወይም በገንዘብ አቅም ራሱን መቻል ካቃተው ግን ቦርዱ ውሉን መሻር «አለበት»። ትምህርቱ ላይ ምሕረት አለ፤ ገንዘቡ ላይ የለም። የመምህሯን መዳፍ ይዤ የሄድኩት ምሕረት በሌለበት በር በኩል ነው።

ሁለተኛው ስለ ትምህርት ቤቱ ቦርድ ነው። የአባላቱ ቁጥር ጎዶሎ ይሆናል፣ ከ15 አይበልጥም። አብዛኞቹ የዲሲ ነዋሪዎች መሆን አለባቸው። ቢያንስ ሁለቱ ልጃቸው እዚያው የሚማር ወላጆች መሆን አለባቸው። ሁለት ወንበር። እንደ ቸርነት የተሰጠ አይደለም፤ ሕግ ላይ ተጽፎ የተቀመጠ ነው።

ከዚያ ሌላው ሁሉ ተራ በተራ ወጣ። ከ25 ሺህ ዶላር ጀምሮ የሆነ ግዢ በግልጽ ማስታወቂያ ወጥቶ ነው የሚፈጸመው። በየዓመቱ የውጭ ኦዲተር ሒሳቡን ይመረምራል። ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ስለሆነ ለፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤት ቅጽ 990 ይሞላል፤ እዚያ ላይ የኃላፊዎቹ ደሞዝ ሳይቀር ተጽፏል፣ ማንም ያየዋል። ከ2020 ወዲህ ደግሞ የእያንዳንዱ ቻርተር ትምህርት ቤት ቦርድ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ተደንግጓል። የእኛ ትምህርት ቤት የሦስት ዓመት ኦዲት ድረ ገጽ ላይ ተቀምጦ ነበር። ልጄ መዋዕለ ሕፃናት እያለች ጀምሮ ገንዘቡ እየሳሳ መምጣቱ እዚያው ላይ ይታያል። አንድም ሰው አልደበቀኝም። እኔ ነኝ ያላየሁት።

## «አንዷ እኔ ነበርኩ»

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እንጀራ ልገዛ ገባሁ። ወረፋው ላይ አንዲት እናት ሰላም አለችኝ። በየማለዳው በዚያ ትምህርት ቤት በር ላይ የማያት፣ ሁልጊዜ የሥራ ዩኒፎርሟን ለብሳ የምትሮጥ፣ አበሻ። ስሟን እንኳን ጠይቄያት አላውቅም።

«ያን ቀን ስትናገሪ ነበርኩ» አለችኝ። «ከኋላ ተቀምጬ። አንቺ አላውቅም ስትዪ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።»

«ለምን?» አልኳት።

«አንዷ እኔ ነበርኩ፣ እህቴ።»

ምን እንደምላት ጠፋኝ። ከወረፋው ወጥተን በር ላይ ቆምን። እሷ እንጀራዋን ገዝታለች፤ ትኩስ ስለሆነ ፌስታሉ ከውስጥ ላብ ማውጣት ጀምሯል። አሁንም አሁንም በሁለት ጣቷ ከፈት ታደርገዋለች።

«ዓርብ ማታ ፋይል ይልካሉ» አለች። «ሰማንያ ገጽ። ስብሰባው ሰኞ ነው። እኔ ቅዳሜና እሁድ ድርብ ሺፍት ነው የምሠራው። የትምህርቱን ክፍል አነበዋለሁ። ሒሳቡ ጋ ስደርስ ዓይኔ ይጨልማል። ሁሉም እጁን ሲያወጣ እኔም አወጣለሁ።»

«ጠይቀሽ አታውቂም?»

«አንዴ ጠይቄያለሁ። የሕንፃው ኪራይ ለምን ጨመረ ብዬ። በትሕትና አስረዱኝ። አልገባኝም። ደግሜ መጠየቅ አፈርኩ።» ትንሽ ዝም አለች። «ደግሞ ማንን ወክዬ ነው የምጠይቀው? ሦስት ዓመት ስቀመጥ አንድም ወላጅ መጥቶ 'ምን ተባለ?' ብሎኝ አያውቅም።»

ይህን ስትል ዓይኔን አላየችኝም። ለመውቀስ አልነበረም የተናገረችው። እኔ ግን ተወቀስኩ። ያን ሁሉ ማለዳ በዚያ በር አብረን ገብተን ወጥተናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ድምፄን ያሰማሁት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። እሷ ደግሞ ወንበሩ ላይ ብቻዋን ነበረች። ወንበሩን ሕጉ ሰጥቷታል። ከኋላዋ የሚቆም ሰው መስጠት የነበረብን እኛ ነን።

## የተረፈው ሚስማር

ያን ማታ አባቴ ትዝ አለኝ።

ደሴ ልጅ ሳለሁ አባቴ የትምህርት ቤታችን ወመህ አባል ነበር። ወላጅ መምህር ኅብረት ማለት ነው፤ ያገሬ ሰው ያስታውሰዋል። አጥሩ ወድቆ ስለነበር ከየቤቱ ብር ተዋጣ። ሥራው ሲያልቅ ወላጅ ግቢው ውስጥ ባለው ባሕር ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ከደብተር ላይ አነበበ። ለቆርቆሮ ይህን ያህል፣ ለእንጨት ይህን ያህል፣ ለሚስማር ይህን ያህል። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና፣ «የተረፈው ሚስማርስ የት ደረሰ?» አሉ። ሰው ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። ወደ ዕቃ ቤት ገብቶ የሚስማሩን ጣሳ ይዞ ወጣና ሽማግሌው እግር ሥር አስቀመጠው። እሳቸው ጎንበስ ብለው አዩት። «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ተቀመጡ።

እነዚያ ሽማግሌ ማንበብ አይችሉም ነበር። ግን ብሩ ከመቀነታቸው ተፈትቶ ነው የወጣው። ስለዚህ ጠየቁ። እኔ እዚህ ማንበብ እችላለሁ፣ ኦዲቱ ስልኬ ላይ አለ። ግን «አዋጪ» ያለኝ የለም። ከኪሴ ሲወጣ ያላየሁት ገንዘብ የእኔ አልመሰለኝም። እንደ ውለታ ቆጠርኩት። ውለታ የዋለልህን ሰው ደግሞ ሒሳብ አሳየኝ አይባልም። ነውር ነው። እኛ ቤት «ዝም አይነቅዝም» እየተባለ ነው ያደግነው። የትምህርት ቤት ገንዘብ ግን በዝምታ ውስጥ ነው የሚነቅዘው።

ገንዘቡ እንዴት እንደሚመጣ ሳውቅ ነው ነገሩ የዞረልኝ። ከተማው ለቻርተር ትምህርት ቤት የሚከፍለው በልጅ ቁጥር ነው። በ2024 የበጀት ዓመት መነሻው ለአንድ ልጅ ከ13 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። እንግሊዝኛ እየተማረ ላለ ልጅ፣ ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ልጅ ይጨመርበታል። ለሕንፃ ደግሞ በነፍስ ወከፍ ከ3 ሺህ ዶላር በላይ ለብቻ አለ። ይህ ሁሉ ታክስ ነው። የእኔ ታክስ፣ የባለቤቴ ታክስ፣ የታክሲ ሾፌሩ ጎረቤቴ ታክስ። ልጄ በዚያ በር ስትገባ በጀርባዋ ያዘለችው ቦርሳ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ቁጥሩ የሚያዘው ኦክቶበር 5 ቀን በተመዘገበው ልጅ ነው። በዚያን ቀን የተመዘገበው ተጣርቶ ይቆጠራል። አስቡት፣ አንድ ትምህርት ቤት 300 ልጅ ይመጣል ብሎ መምህር ቀጥሮ፣ ሕንፃ ተከራይቶ፣ 240 ቢመጣ፣ ከመነሻው ብቻ ከ780 ሺህ ዶላር በላይ ይጎድላል። የሕንፃው ኪራይ ግን ልጅ ጎደለ ብሎ አይቀንስም። የእኛን ትምህርት ቤት የጣለው ይኸው ነው። ሌባ አልነበረም። ደግ ሰዎች ነበሩ። ልጅ ይመጣል ብለው ትልቅ ሕንፃ ተከራዩ፣ ልጁ አልመጣም፣ በሚቀጥለው ዓመት ይመጣል አሉ። ያን ጊዜ አንድ ሰው ተነሥቶ «ባይመጣስ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ! ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚባለው ለዚህ ነበር።

ሁሉንም በወላጅ ላይ መጫን ግን ልክ አይደለም። የሚያሳስበኝ ሌላም ነገር አለ። የከተማው አስተዳደር ሥር ያሉ የሰፈር ትምህርት ቤቶች ከ2007 ጀምሮ ተጠሪነታቸው ለከንቲባ ነው። ከተበላሹ ከንቲባውን በምርጫ ትቀጣለህ። የቻርተር ትምህርት ቤት ቦርድን ማንም ድምፅ ሰጥቶ አይመርጠውም። የሚቆጣጠረውን ቦርድም አንመርጠውም። የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ወጪ በአብዛኛው የሚሸፈነው ደግሞ ራሳቸው ትምህርት ቤቶቹ ከሚከፍሉት ነው። ሰዎቹን በክፉ አልጠረጥርም። ያን ቀን ያየኋቸው ከልባቸው ነበር የሚጠይቁት። ግን ትልቁ ቅጣታቸው መዝጋት ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚቀጣው ማነው? በኦገስት 2024 ኢግል አካዳሚ የተባለው ትምህርት ቤት ትምህርት ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው ተዘጋ። ሌላ ቻርተር እንዲረከበው የቀረበውን ሐሳብ ተቆጣጣሪው ቦርድ አልተቀበለም ነበር። ዩኒፎርም ገዝተው የጨረሱ እናቶችን አሰብኳቸው። የእኔ ልጅ ቢያንስ ዓመቱን ጨርሳ፣ ጓደኞቿን ተሰናብታ ነው የወጣችው። ያም ሆኖ ለወራት ማታ ማታ «ሚስዬ አሁን የት ናት?» ትለኝ ነበር።

ተቆጣጣሪ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ኦዲቱ ያለፈውን ዓመት ነው የሚያሳየው። በየወሩ ውስጥ ሆኖ የሚያይ ዓይን ያለው ያ የትምህርት ቤቱ ቦርድ ብቻ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ልጁን በየማለዳው ወደዚያ በር ይዞ የሚመጣው ሁለቱ ወንበር ላይ ያለው ሰው ነው።

ልጄ አሁን አራተኛ ክፍል ናት፤ ሌላ ቻርተር ትምህርት ቤት ገብታለች። የዚያች እህቴም ልጅ እዚያው ደረሰው። ሁለታችን በየወሩ የቦርዱን ስብሰባ በዙም እንከታተላለን። ፋይሉ ሲለቀቅ እሷ የትምህርቱን ክፍል ታነባለች፣ እኔ ሒሳቡን። ያልገባኝን በቀይ አከብባለሁ። ቅዳሜ በስልክ እንነጋገራለን። መጀመሪያ ላይ ገጹ ሁሉ ቀይ ነበር። የወላጅ ተወካዮቹን ስም አውቃለሁ። አንዱን አባት በር ላይ ጠብቄ «ምን ተባለ?» ብዬዋለሁ። ደነገጠ፤ ከዚያ ቆሞ ሃያ ደቂቃ አጫወተኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ለታዳሚ የተመደበችው አሥር ደቂቃ ደረሰች። ጥያቄዬን በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ጽፌ ከላፕቶፑ ጎን ለጥፌዋለሁ። እጄን አነሳሁ። ድምፄን ከፈትኩ። በእጃችን ያለው ገንዘብ ስንት ቀን ያቆየናል ብዬ ጠየቅሁ።

የሒሳብ ኃላፊው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገ። «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አንድ ጊዜ፣ ገጹን ልፈልገው» አለ። ወረቀት ሲገላበጥ ይሰማኛል። ከሳጥኖቹ በአንዱ ውስጥ እህቴ እስክሪብቶዋን ይዛ ወደ ካሜራው ተጠግታለች። ቸኩሎ እንዳይዘለው፣ «ችግር የለም፣ እጠብቃለሁ» አልኩት።